አራት ወር ያልተበላ እራት

ባለቤቴ እንጀራ ያልቀረበበትን ማዕድ እራት ብሎ አይጠራም። ይበላዋል፤ ሁለቴ ያስጨምራል፤ ሳህኑን በጣቱ ይጠርጋል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ይልና "መክሰሱ ጥሩ ነበር፤ እራቱስ?" ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው ማታ ልማር ስል ነው። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀመር ሰሌዳ ላይ ስጽፍና ሳጠፋ ከኖርኩ በኋላ መስከረም ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ በማታው ክፍል ተመዘገብኩ። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት። ለባለቤቴ ስነግረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ፤ ትልቅ ነገር ሊናገር ሲል እንደዚያ ያደርጋል።

"ተማሪ" አለኝ። "እኔ ሴት አትማር የምል ኋላ ቀር ሰው አይደለሁም። ብቻ እራት እንዳይጓደል። እራት የተጓደለ ዕለት ትምህርቱ ያበቃል።"

"እሺ" አልኩት። ምን ይከብደኛል? የሰው ልጆች ሁሉ ሲፈሩት የኖሩትን ትምህርት የማስተምር ሴት አምስት እራት ያቅተኛል? እንዲያውም ውስጤ በደስታ ጮቤ ረገጠ። እራት ማለትህ ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። ድንቄም የሒሳብ አስተማሪ!

ባለቤቴ የሰሜን ሰው ነው። በመንግሥት ሥራ ተመድቦ አርባ ምንጭ ከወረደ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሙዙን ይወዳል፣ ሐይቁን ይወዳል፣ አየሩን እያማረረም ቢሆን ይወዳል፣ እኔን የደጋ ጋሞ ልጅ ወድዶ አግብቶኛል። ምግባችንን ግን እስከ ዛሬ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። የሚሠራው የዕቅድ ባለሙያ ሆኖ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስምንት። ሠራተኛ የለንም፤ ለሠራተኛ የሚሆነው ገንዘብ ለኔ ትምህርት ሄዷል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በፊት እንደ ሰው ምክር ልፈልግ ብዬ ቴሌቪዥን አይቼ ነበር። አንዲት ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ወይዘሮ "ለሥራ ቀን የሚሆን ቀላልና ርካሽ እራት" ብላ ጀመረች። ቀላሉ እራት አይብ አለው፣ እንጉዳይ አለው፣ ስሙን ይዤ ሲቀላ ገበያ ብዞር ሻጮቹ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ የሚያቀርቡልኝ ዓይነት ቅጠል አለው። ፍሪጇ ከኔ ኩሽና ይሰፋል። ከኋላዋ ሆና ሽንኩርት የምትልጥላት ልጅ አለች፤ ካሜራው እሷን አያሳይም፣ የተላጠውን ሽንኩርት ብቻ ያሳያል። ርካሽ! ኧረ ተዪኝ እቴ።

ዘጋሁትና የማውቀውን ጻፍኩ። ሰኞ ኩርኩፋ። ለማያውቀው ልናገር፤ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ታሽቶ በእጅ ይድቦለቦልና የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ሊበስል ሲል ሃሌኮ ይገባበታል። ሃሌኮ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ቅጠል ነው፤ ዛፉ ግቢያችን ውስጥ በነፃ ቆሟል፣ በቆረጥነው ቁጥር እንደ ተሰደበ ሰው ብሶበት ይበቅላል። ማክሰኞ ሩዝ በካሮትና በድንች። ረቡዕ ጾም ነው፤ ስኳር ድንች ወይም ጎደሬ ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ፍጭ ጋር ማለት ነው። ሐሙስ አሳ ሲገኝ አሳ፣ ሲጠፋ መኮሮኒ በምስር። አርብ የበቆሎ ቂጣ በጎመን። ቅዳሜና እሁድ ቤት ስለምውል እንጀራ እጋግራለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ። በሥራ ቀን ግን ጤፍ ገዝቶ፣ አቡክቶ፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቆ መጋገር ለኔ የሚሆን ነገር አይደለም። ከተዘጋጀው ልግዛ ካልኩ ደግሞ አራት ሰው የሚያጠግብ እንጀራ በየቀኑ መግዛት የሀብታም ሥራ ነው።

ዕቅዱ ሠራ። ይሄን ልክደው ብል እንኳ አልችልም፤ እንደ ሰዓት ነው የሠራው። እሁድ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ዳጣው ይፈጫል። አሥር ሰዓት ከትምህርት ቤት እገባለሁ፣ ድስቱን እጥዳለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፎጣ ጠቅልዬ ትቼው ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ እገባለሁ። ሁለት ከሩብ ላይ ተመልሼ አራታችንም አብረን እንቀርባለን። ልጆቼ ለኩርኩፋው የመጨረሻ ፍሬ ይጣላሉ። ባለቤቴም ይበላል። አቤት ሲበላ! ላብ በግንባሩ እስኪወርድ ዳጣውን እያጠቀሰ ይበላል።

ከዚያ፦ "እራቱስ?"

በሁለተኛው ሳምንት ሳቄ ቆመ። በሦስተኛው "አሁን የበላኸው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ቅምሻ" አለኝ፣ ከልቡ። ይሄ ነው የሚያበሽቀው፤ ሊያናድደኝ ብሎ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። የእውነቱን ነው። ሆዱ ሞልቶ ጭንቅላቱ ይራባል። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ ሩዝና ሥጋ እስኪበቃው በልቶ፣ ቤት ገብቶ መሶቡን ከፍቶ ቁራሽ የሚፈልግ ሰው ነው። እናቱ ከአገር ቤት በስልክ "ትበላለህ ልጄ?" ይሉታል፤ እሱም ድምፁን ወታደር ቤት እንደገባ ልጅ አሳዝኖ "ይመስገነው፣ እንኖራለን" ይላል። እንኖራለን! ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔ ነኝ፤ ወደ ማስፊያው ነው የበሳሁት፣ ወደ ማጥበቂያው አይደለም።

ቆየና ከሥራ ሲወጣ እራት ውጪ መብላት ጀመረ። በያይነቱ በልቶ ይመጣል፣ ከዚያ ከኛም ጋር ይቀርባል። የኔ ርካሽ ዕቅድ የቆጠበውን እሱ በሆቴል ይበላዋል፣ ከላዩ ላይ የኔን ይደግማል፣ ከዚያ ለጓደኞቹ ትምህርት የጀመረች ሚስት ቤት ትበትናለች እያለ ያወራል። የሚያዝኑለት ጓደኞቹ የሻይ ይከፍሉለታል። የጓደኞቹ ሚስቶች ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "አይዞሽ፣ እንዴት እየቻልሽው ነው?" ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን የሚለው ሌላ ነው።

አንድ ማታ ጠረጴዛው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ረስቶ አገኘሁት። እሱ ራሱ ያዘጋጀው ዕቅድ ነው። አነበብኩት። "እናቶች በአካባቢያቸው በቀላሉና በርካሽ የሚገኙትን ሃሌኮ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና በቆሎ ለቤተሰብ እራት እንዲጠቀሙ ግንዛቤ መፍጠር" ይላል። ጆሮዬን ሳይሆን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ስኳር ድንቹን አቅርቤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ልጆቹም ይሰማሉ።

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?" አልኩት። "የጻፍከውን ነው የቀቀልኩልህ።"

እያላመጠ ቀና አለ። "እሱ ለአርሶ አደሩ ነው" አለኝ።

ለአርሶ አደሩ! ያንን ስልጠና ሲሰጡ ምሳ ምን እንደበሉ ጫኖ ቀበሌ ያለች የአክስቴ ልጅ ነግራኛለች። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሃሌኮ ጥቅም ሲነገራቸው ውለው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለአሠልጣኞቹ ጥብስ በእንጀራ ቀረበላቸው። ሴቶቹ ሃሌኮውን ከተከሉት ሃምሳ ዓመታቸው ነው፤ ግንዛቤ ይፈጠርላቸዋል። ወይ ጉድ!

ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት መጣ። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። ወረቀቱን ሳሳየው ደስ አለው፣ አልዋሽም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ደስታው ወደ ሌላ ነገር ሲዞር በዓይኔ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ትምህርቱ የሚያልፍ ነገር መስሎት ነበር። አሁን የሚያልፍ እንዳልሆነ ገባው። በሳምንቱ "በመጪው እሁድ ሽማግሌ ይመጣል፤ ቤታችን መነጋገር አለበት" አለኝ።

"በምን ጉዳይ?"

"በእራት ጉዳይ።"

ሰው በውርስ፣ በቅናት፣ በመጠጥ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። እኔ በእራት ተቀመጠብኝ። እና ለነዚያ ሊፈርዱብኝ ለሚመጡ ሰዎች ዶሮ ገዝታ፣ ገንጥላ፣ ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለች ማን ትመስላችኋለች? እኔው ነኝ። ሲከሰሱ እንኳ ድግሱ የኛ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው የባለቤቴ አገር ሰው፣ ጡረታ የወጡ ሹም፤ ጡረታ ቢወጡም ሹመቱ ከፊታቸው አልወጣም። ሦስተኛው የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በኔ ወገን እንዲቆሙ ብዬ ከደጋ ያስወረድኳቸው እኔ ነኝ። በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ባለቤቴ ተነሣና በሪፖርት ድምፁ "አባቶቼ፣ ከጥቅምት ወዲህ በዚህ ቤት በሥራ ቀን እራት ተበልቶ አያውቅም" አለ። "ይሄን የምለው ለራሴ አይደለም። ልጆቼን ስለማይ ነው።"

ልጆቹን አየኋቸው። ወንዱ ከጥቅምት ወዲህ ሁለት ሱሪ አጥሮበታል።

እኔ ተራዬ ሲደርስ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ አምስቱንም ቀን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጡረተኛው ሹም ፈገግ አሉ፤ ሕፃን ልጅ ከአሸዋ የሠራውን ዳቦ እንካ ሲል ፈገግ እንደሚባለው። "እሱማ ጥሩ ነው እህቴ" አሉ፣ "ግን እራት ነው የጠየቅነው።"

አጎቴን አየሁ። አሁን ይናገራሉ አልኩ። እኚህን ሰው በቆሎና ቆጮ ነው ያሳደጋቸው፤ ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው እንጀራ በዓል ላይ ካልሆነ በዓይናቸው አላዩም፤ ይሄን ራሳቸው ስንት ጊዜ እየሳቁ አጫውተውኛል። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኛ እኮ አሁን አልፎልናል። የመንግሥት ሰው ሚስት ሆነሽ ኩርኩፋ ታበያለሽ? ሰው ምን ይላል? እኔንም አሳፈርሽኝ።"

የባለቤቴን አልጠላሁትም፤ እሱ የማያውቀውን ነው የናቀው። እኚህ ግን የሚያውቁትን ናቁ፤ ያሳደጋቸውን እህል ሰው ፊት ካዱት፣ ያውም የዶሮዬ ቅባት ከጣታቸው ሳይለቅ። ቢቻል ኖሮ የበሉትን ቆጥሬ እቀበላቸው ነበር።

ከዚያ የንስሐ አባታችን፣ ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ከልጅ አፍ እንስማ አሉ። ልጄን ጠሯት። በሩ ጥግ ቆማ ስትሰማ ነበር፤ መጣችና እጇን አጣምራ ቆመች።

"ሰኞ ማታ ምን በላችሁ ልጄ?"

አባቷን አየች። "አልበላንም" አለች።

"ምንም?"

"ኩርኩፋ ብቻ።"

"አልጠገብሽም ነበር?"

"ጠግቤያለሁ።"

"ታዲያ ምነው አልበላንም ትያለሽ?"

"እራት ግን አልበላንም" አለች፤ የሚያውቁትን ነገር እንዲያ ስለሚጠይቋት እየገረማት።

ሰኞ ማታ የመጨረሻዋን ፍሬ ከወንድሟ አፍ ነጥቃ የበላች ልጅ ናት። አልዋሸችም። እጄ የሠራው ነገር ምግብ እንዳልሆነ አምና ነው የተናገረችው። ሰው አካሉን ሲመታ ያመዋል ይባላል፤ እኔን ያመመኝ የት እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ ወደ ኋላው ለጠጥ አለ።

ጡረተኛው ሹም ፈረዱ። "አንድ ሁለት ዓመት ብታቋርጪው ምን ይጎድልብሻል? ዩኒቨርሲቲው እግር የለው፣ የትም አይሄድ። ልጆቹ ከፍ ይበሉ።" ሁሉም "እውነት ነው" አሉ። አጎቴ ከሁሉ ቀድመው አሉ።

"አባቶቼ፣ ሰምቻለሁ" አልኩ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አራት ወር እራት ያልተበላበት ቤት ውስጥ ማን ከሳ? ማን ታመመ? እሱ እንኳ ቀበቶው አልበቃውም። እንግዲህ በዚህ ቤት ያለ እራት መኖር ይቻላል ማለት ነው። እኔም ከነገ ጀምሮ ያንን እራት ያልሆነውን ነገር አልሠራም፤ ለምን እደክማለሁ? ትምህርቴን ግን አላቋርጥም።"

"ደፋር ናት" አሉ ከመካከላቸው አንዱ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሥተው መርቀውን ወጡ፤ ማንን እንደመረቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰኞ ድስቱ ሳይጣድ ሄድኩ። አቤት ደስ ሲል! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሮጥ፣ እጄ ሽንኩርት ሳይሸት ክፍል ገባሁ። ሁለት ከሩብ ላይ ስመለስ ባለቤቴ ልጆቹን በያይነቱ አብልቶ አምጥቷቸዋል። "እራት በላን" አለኝ፣ አፉን ሞልቶ። "እሰይ" አልኩት። ማክሰኞም እንደዚያው። በልቤ እስቃለሁ፤ ደመወዙ እስከ ስንት ቀን እንደሚዘልቅ እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ቆይ ብቻ እያልኩ ተኛሁ።

ረቡዕ ግን ግቢው በር ላይ ስደርስ ያረረ ሽንኩርት ሸተተኝ።

ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከደጅ ሻጭ የተገዛ እንጀራ ተዘርግቷል፣ መሐሉ ላይ ሽሮ ፈስሷል። ወንዱ ልጅ እግሩን ሰቅሎ ቴሌቪዥን ያያል። ባለቤቴ ስልክ ይዞ ከእናቱ ጋር ያወራል። "እራሷ ናት እኮ! አዎ፣ ማንም ሳይረዳት! ልጄ እራት አበላችኝ እማዬ። ሴት ልጅ ማለት እንዲህ ናት።" ልጄ ከኩሽና ወጣች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፤ ደረቷ ድረስ ሽሮ ተረጭቶበታል። ሽሮ ሲፈላ እንደሚተፋ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ማማሰል እንደሚያስፈልግ ማን ነግሯት? ቀኝ እጇ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ሦስት ቦታ ቀልቶ አብጧል። እሷ ግን እጇን ረስታዋለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም፤ አንደኛ የወጣች ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆነችም።

"እማዬ!" አለችኝ። "አባባ ሁለቴ አስጨመረ። እራት ነው አለ።"

ፈራሁ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ያልፈራሁትን ያኔ ፈራሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጇን ነክሬ ይዤ ቦርሳዋን ከፈትኩ። የሒሳብ የቤት ሥራዋ ክፍልፋይ ነው፤ አንዱም አልተነካም።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ ራሱ ወሬውን ጀመረ፤ ደስ ብሎታል፣ ቂም የለበትም። "አየሽ" አለኝ፣ "ያ ሁሉ ጭቅጭቅ በከንቱ ነበር። ልጅቷ ትችላለች። ሽሮ ናት፣ ምን ትከብዳለች? እንጀራውን እኔ ገዝቼ እገባለሁ። አንቺም ትማሪ፣ ቤቱም እራት ይብላ። ችግሩ ተፈታ።"

ልደብቀው አልፈልግም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ዲግሪው በእጄ ገባ። ሽማግሌ የለ፣ ክስ የለ፣ ድስት የለ፤ ሁለት ዓመት ነው፣ ሽሮ ደግሞ እውነትም ቀላል ናት። ሒሳቡን ሠርቼ ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ በውሃ ውስጥ የነበረው እጇ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ንቀቴ ሁሉ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። እስከዚያ ድረስ ባልን ስንቅ፣ አጎትን ስንቅ፣ የቴሌቪዥን ወይዘሮ ስንቅ ከርሜያለሁ። የኔ ዕቅድ እንደ ሰዓት የሠራው በማን እጅ ነው? እሁድ እሁድ ያንን ሁሉ ሃሌኮ ከዘንጉ አንድ በአንድ የምትለቅመው ማን ነበረች? ነጭ ሽንኩርቱን የምትልጠው? ልጄ ነበረች። ወንድሟ ኳስ ሲመታ፣ አባቷ ጋዜጣ ሲያነብ፣ እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ነበረች። ለወንዱ ቢላ አንድ ቀን ሰጥቼው አላውቅም። ባለቤቴን አንድ ድንች ላጥ ብዬው አላውቅም፤ ዕቅዱን ስጽፍ እንኳ አሳቤ ውስጥ አልገቡም። የአሥራ ሦስት ዓመት የሒሳብ አስተማሪ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ስምንት እጅ ቆጥራ አራት ላይ አቆመች። ባለቤቴ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ እኔ የጀመርኩትን ነው የጨረሰው።

"አልሆነም" አልኩት።

"ምኑ?"

"ልጅቷ አትሠራም።"

"ታዲያ ማን ሊሠራ ነው?" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ማን ሊሠራ እንደሚችል ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ስገባ ልጄ ቀድማኝ ገብታለች። እጇን በሻሽ ጠቅልዬላት ነበር፤ በዚያው በተጠቀለለ እጇ ሽንኩርት አውጥታ ትደረድራለች። ዛሬ ቲማቲም ልጨምርበት እያለች ታወራለች። ቢላውን ተቀበልኳትና "ደብተርሽን ያዢ፣ አብረን እንሄዳለን" አልኳት።

"የት?"

"ትምህርት ቤቴ።"

"እራቱስ?"

"ያዢ ብያለሁ።"

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ተገናኘን። እንጀራውን በፌስታል ይዟል። እሷን አየ፣ ቦርሳዋን አየ፣ እኔን አየ። ወንዱ ልጅ ከኋላችን ወጥቶ "እኔስ?" አለ። "አንተ ከአባትህ ጋር ነህ፤ ሽንኩርቱ ጠረጴዛው ላይ ነው" አልኩትና ባጃጅ አስቆምኩ። ባለቤቴ ፌስታሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንድ ነገር ተናገረ፤ በባጃጁ ጩኸት አልሰማሁትም።

ክፍሉ ውስጥ ከመጨረሻው ረድፍ አጠገቤ አስቀመጥኳት። አስተማሪያችን ከኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው፤ አየት አደረገንና "ይቺስ ማን ናት?" አለ። "ተማሪ ናት" አልኩት። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ እሱ ማስተማሩን ቀጠለ። ልጄ ትንሽ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ባሉት የማታውቃቸው ምልክቶች ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ቆየች፤ ከዚያ የራሷን ደብተር ከፍታ፣ እርሳሱን በሻሽ በተጠቀለለ እጇ እየተቸገረች ይዛ፣ ክፍልፋዮቿን ጀመረች። ሦስት ሠራች። አራተኛው ላይ ቆመች።

ከበዳት መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ደብተሩን አልነበረም የምታየው። ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊት ላይ ሊኖር የማይገባ፣ የእናቴ ፊት ላይ የማውቀው ጭንቀት።

"እማዬ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "አባባን አሁን ማን ያበላዋል?"

"እጅ የለውም?" አልኳት።

እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየች፤ አልቀለድኩም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት እጆቿን፣ የተጠቀለለውንና ያልተጠቀለለውን፣ ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

"አለው" አለች፣ ራሷንም እየገረማት።